ዐይን ብቻ የሆነው ጠባቂ

መስከረም 20

ለምወድሽ አክስቴ፣

ደረጃው ጉልበትሽን ሳያስመርር ከርሞ ይሆን? እኔን ከጠየቅሽ ደኅና ነኝ። ጆሮዬ ብቻ የዚህን ቦታ ዝምታ ገና አልለመደውም። ፈጣሪ አንቺን ከነሳቅሽ ያቆይልኝ።

የነገርኩሽን ሥራ ጀመርኩ። ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ «ውኃ እጠብቃለሁ» እላለሁ። «ወዴት እንዳይሄድ?» ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሐይቁ ሰው የሠራው ነው፤ ከተማው የሚጠጣው ከዚህ ነው። በግድቡ ጫፍ አንዲት ክፍል አለችኝ። የብረት አልጋ፣ የእንጨት ምድጃ፣ የመገናኛ ሬዲዮ፣ ውኃው ላይ የሚከፈት መስኮት። ጠዋት ውኃው ውስጥ የተተከለውን የመለኪያ ዘንግ አነባለሁ፣ የዝናቡን መለኪያ አያለሁ፣ ከዚያ ውኃው ወደ ቧንቧ የሚገባበትን የብረት ወንፊት በረጅም መንሽ እጠርጋለሁ። ቅጠልና ጭራሮ ከደፈነው ከተማው ይጠማል። ቁጥሩን በሬዲዮ ለመሥሪያ ቤቱ ከተናገርኩ በኋላ ቀኑ የእኔ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የምጨርሰው እዚህ ካልሆነ የትም አይሆንም።

በየሁለት ሳምንቱ አንዲት ሴት በፒካፕ እየመጣች ዱቄት፣ ድንች፣ የማገዶ እንጨትና ፖስታ ታወርድልኛለች። ሁሉም «ሾፌሯ» ነው የሚላት። ቃል ቆጥባ የምታወጣ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ሳጥኑን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ «ካንተ በፊት እዚህ የነበረው ባሌ ነው» አለችኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ ወጥቶ ቀረ። ቦት ጫማው ብቻ ውኃው ዳር ጎን ለጎን ተቀምጦ ተገኘ። ሬሳው አልወጣም። «ሐይቁ ጥልቅ ነው» አለችኝና ሞተሯን አስነሣች። እንግዲህ የምተኛው እሱ አልጋ ላይ ነው ማለት ነው።

ጽሑፌ ያው አንቺ ያስለመድሽኝ፣ ትራንሰንደንታሊስቶች የሚባሉት የድሮ አሜሪካውያን ፈላስፎች ላይ ነው። ስማቸውን ትቼ ያኔ ቤት ውስጥ ባወጣንላቸው ቅጽል ልጥራቸው። ሰባኪው፣ መድረኩን ትቶ የወጣው፣ ተፈጥሮ የአንዲት ታላቅ ነፍስ ልብስ ናት ይላል። ሰው ብቻውን ሜዳ ላይ ቢቆም ትንሹ «እኔ» ይጠፋል፣ ታላቁ በእሱ ውስጥ ያልፋል፣ ሰውየው ማየት ብቻ ይሆናል። ወዳጁ የጎጆው ሰው ደግሞ ነገሩን በእጁ ሊፈትነው ጫካ ገብቶ ውኃ ዳር ኖረ። ሦስተኛዋን፣ ሴቶችን ሰብስባ ታወያይ የነበረችውን ሴትዮዋን፣ በምዕራፉ መጨረሻ አነሣታለሁ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ ቁረጪልኝ።

ልጅሽ


ጥቅምት 11

ለእኔው ፈላስፋ፣

ያንተን ደኅንነት የሰማች ጆሮዬ ትባረክ። ጉልበቴ ደረጃውን ያማርራል፣ ደረጃውም ጉልበቴን ያማርራል፣ ሁለቱም ግን እየተቻቻሉ ያወጡኛል። ከሥሬ ያሉት ልብስ ሰፊዎች አሁንም ቀኑን ሙሉ መኪናቸውን ያስጮኻሉ። ትምህርት ቤት ከተውኩ ወዲህ ሰዓት የምቆጥረው በእነሱ ነው፤ መኪናው ዝም ሲል ምሳ እበላለሁ።

ምዕራፍህን አነበብኩት። አጻጻፍህ አምሯል፣ ይኼ አያከራክርም። ግን ሰባኪውን በጣም ወደኸዋል። ራስህን እመን፣ ከሰው ጉባኤ ይልቅ የገዛ ልብህን ስማ የሚለውን ስታብራራ ሳቄ መጣ። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ ገጽ ሳይፈጅ «ከራስ በላይ ነፋስ» ብሎ ጨርሶታል። ያልጨረሰው ግን አንድ ነገር አለ። ሰባኪው በአንድ እጁ «ራስህን አጽና» ይልሃል፣ በሌላው «ራስህን ጣለው» ይልሃል። የትኛውን ነው የምትጥለው? የትኛውን ነው የምታጸናው? ይህን ካልለየህ ፈታኞችህ አይለቁህም፤ እነሱ ቢለቁህ እኔ አልለቅህም።

ሴትዮዋን ደግሞ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ሰጥተሃታል። ከሦስቱ እሷ ናት ከሰው ጋር ተቀምጣ እየተነጋገረች ያሰበችው። ሰው በመጀመሪያ የራሱ መሆን አለበት፣ የሌለውን ማንም ሊሰጥ አይችልም ነው የምትለው። መጨረሻዋንም አትርሳ፤ መርከብ ተሰብሮ፣ የብስ በዐይን እየታየ ነው የሞተችው።

ይህን ካልኩ በኋላ አክስት ልሁን። ምን ትበላለህ? ከማን ጋር ትነጋገራለህ? ያቺን ሾፌር ሻይ አፍላላትና ተቀምጣ ትጠጣ። የሰው አልጋ ላይ የተኛ ሰው ለዚያ ሰው ሚስት ቢያንስ ሻይ ማፍላት ይገባዋል።

አክስትህ


ጥቅምት 29

ለምወድሽ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ጭጋግ አልፎ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሾፌሯ ከኪሷ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ዝናብ እንዳይነካው ጃኬቷ ውስጥ ይዛው ነበር። ሻይ አፈላሁላት። ቆማ ጠጣችው፣ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ መመለስ የምችል ይመስለኛል፤ በመጽሐፍ ሳይሆን በሆነብኝ ነገር። ከትናንት ወዲያ ማለዳ ወንፊቱን እየጠረግሁ ነበር። ነፋስ የለም። ውኃውና ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው የት እንደሚገናኙ አይለይም። መንሹን ስስብ፣ ስስብ፣ በመሐል የሚስበው ማን እንደሆነ ጠፋኝ። አልፈራሁም። ክንድ አለ፣ መንሽ አለ፣ ቅጠል አለ፣ ውኃ አለ፤ እኔ ብቻ የለሁም። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፣ የሚያየው ግን ማንም አይደለም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሬዲዮው ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ቁጥሩን ሲጠይቅ ነው የተመለስኩት፤ ድምፁ እንደ ጥፊ ነበር የመታኝ። ሰባኪው ያልዋሸ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ዕረፍት በዕድሜዬ አላገኘሁም።

ሌላም ነገር አለ። ከማዶ፣ ጫካው ውኃውን በሚነካበት ቦታ፣ ሰው የሚመስል ነገር ውኃ ውስጥ ቆሟል። እስከ ጉልበቱ። በመጀመሪያ ጉቶ መሰለኝ። ጭጋጉ ሲነሣ የለም። በማግሥቱ ማለዳ እዚያው ነበር። ዛሬም ነበር። ጉቶ ሄዶ አይመጣም።

ሁለተኛውን ምዕራፍ ገና አልጀመርኩትም። አትቆጪኝ።

ልጅሽ


ኅዳር 16

ለልጄ፣

ጤናህን ከሁሉ አስቀድሜ እለምናለሁ። ዛሬ በቀይ እስክሪብቶ አይደለም የምጽፍልህ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መምህር ነበርኩና ልማዴ አይለቀኝም፤ ተማሪ የሚጽፈውን ብቻ ሳይሆን የማይጽፈውንም አያለሁ። ስለ ምግብህ አልጻፍክም። ስለ እንቅልፍህ አልጻፍክም። «ማን እንደሆነ ጠፋኝ» ያልክበትን ቦታ ግን እንደ ሠርግ ወሬ ነው የጻፍከው።

ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ዐይን ብቻ ስትሆን ልብህን የት አስቀመጥከው? ሰባኪው ያን ሜዳ ተሻግሮ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ ሚስት ነበረችው፣ ልጆች ነበሩት፣ ጠዋት የሚቀሰቅሰው ሰው ነበረው። ለአፍታ መጥፋት የሚያምረው ፈልጎ የሚያገኝህ ሰው ሲኖር ነው። የጎጆውን ሰው ደግሞ አስታውሰው። ውኃ ዳር ሲኖር ሁሉን የወደደ ሰው አንድ ጊዜ ከፍ ያለ ተራራ ወጣ፤ እዚያ ድንጋይና ደመና ብቻ ነበር። ያ ቦታ ለሰው እንዳልተሠራ አየ። የገዛ ሥጋው እንግዳ ሆነበትና ፈራ። ከጻፈው ሁሉ እኔ የማምነው ያን ፍርሃቱን ነው። ተፈጥሮ ቤት ልታበድርህ ትችላለች፤ እናት ግን አትሆንህም።

ማዶ የቆመው ምንድን ነው? ለማን ተናገርክ? ለመሥሪያ ቤቱ በሬዲዮ አሳውቅ። ብቻህን እንዳትሻገር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ነው የሚሉት ይኼን ነው። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እኔ ደግሞ ካንተ ሌላ የለኝም። እናትህ ስትሞት ለእኔ ነው የተወችህ።

ቶሎ መልስልኝ።

አክስትህ


ጥር 7

አክስቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሷል። ከዚያ በኋላ የመጡትም ደርሰዋል።

ማዶ የቆመው ሰው ነው። ተሻገርኩ። ምንም አልሆንኩም። ጸጥ ያለ ሰው ነው። ማለዳ ማለዳ ውኃው ውስጥ ይቆማል። አሁን በጀልባ እሄድና አጠገቡ እቆማለሁ። በመጀመሪያ ብርዱ ይቆረጥማል፣ በኋላ እግር የሚባል ነገር ይረሳል። ከዚያ ውኃው ብቻ ይታያል።

ወንፊቱ ይጠረጋል። ቁጥሩ ይነገራል። ምድጃው አንዳንዴ ይነዳል። መጽሐፍ ሌላ አትላኪ። ጽሑፉም ይቆይ። ስለዚህ ነገር የተጻፈው ሁሉ ከውጭ ሆኖ የተጻፈ ነው።

አትጨነቂ። የሚያስጨንቅ ነገር አይታይም።


ጥር 22

ሰላምታ የለኝም። ሰላም ካገኘሁ እልክልሃለሁ።

ደብዳቤህን ከፊቴ ዘርግቼ ግሦቹን ቆጠርኩ። «ይጠረጋል»፣ «ይነገራል»፣ «ይታያል»። ጠራጊው ማን ነው? ተናጋሪው ማን ነው? በቋንቋችን ሰው በግሡ ጭራ ላይ ይቀመጣል፤ አንተ ከጭራው ላይ ወርደሃል። በመጨረሻም ላይ «ልጅሽ» አላልክም።

አሁን የምጠይቅህን በቀጥታ መልስልኝ። ያ ሰው የሾፌሯ ባል ነው አይደለም? ከግድብ ማዶ፣ መንገድ በሌለበት ጫካ፣ ማለዳ ውኃ የሚጠብቅ ሌላ ማን ይኖራል? አንተም ካወቅከው ቆይተሃል። ከኅዳር እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ መጥታ ድንች አወረደችልህ? ስንት ጊዜ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ሻይህን ጠጣች?

ምናልባት ሰውየው ያገኘውን ዕረፍት ላለመንካት ብዬ ነው ትለኝ ይሆናል። ምናልባት ሰባኪው የተናገረለት ሰው ይኼ ነው ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ ይሁን። እሱ ከራሱ ነጻ ወጥቷል። እሷስ? እሷን ከእሱ ነጻ ያወጣት አለ? ነፍስ ታላቅ ናት፣ አንዲት ናት ካልክ፣ የእሷም ነፍስ ከዚያችው ናት። ማዶ ያለውን እያየ ፊት ለፊቱ ያለችውን የማያይ ዐይን እኔ ዐይን አልለውም።

ይህን ደብዳቤ አሁን በእጅህ ይዘኸዋል። ከፖስታ ቤት ተቀብላ፣ ከዝናብ ሸሽጋ፣ ያን ሁሉ መንገድ ነድታ የሰጠችህ እሷ ናት። ገና ካልሄደች ውጣና ንገራት። ሄዳ ከሆነ በሬዲዮ አስጠራት።

አክስትህ


የካቲት 18

ለምወድሽ አክስቴ፣

በሕይወት ያለ ልጅሽ ሰላም ይልሻል። ዘገየሁ። ይህን ለመጻፍ መጀመሪያ እጄ መሞቅ ነበረበት።

ሁሉንም በተራ ልንገርሽ። በኅዳር መጨረሻ ነው የተሻገርኩት። ማዶ ከድሮ ጀምሮ የተተወ የፓምፕ ቤት አለ፤ እዚያ ነው የሚኖረው። ሲፈልጉት የፈለጉት ውኃ ውስጥ ነበር፣ ጫካውን ያየ አልነበረም። ዓሣ ያወጣል። ከእኔም ይወስድ ኖሯል። ድንቹ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ይገርመኝ ነበር፤ ለካ እኔ ተኝቼ በሩን ከፍቶ ይገባ ነበር። የገዛ ክፍሉ ናትና የትኛው ሳንቃ እንደሚጮኽ ያውቃል።

«ሰላም ዋሉ» አልኩት።

«ሰላም ዋሉ» አለ። የእኔኑ ድምፅ መለሰልኝ እንጂ የራሱን አልሰጠኝም።

«ጠባቂው እርስዎ ነዎት?»

«ውኃው ይጠበቃል» አለኝ።

አጠገቡ ቆምኩ። ፂሙ ረዝሟል፣ እግሩ ከጉልበት በታች እንደ ዓሣ ሆድ ነጥቷል፣ ፊቱ ግን ሕፃን እንቅልፍ ሲወስደው እንደሚሆነው ነው። ቀናሁበት፣ አልዋሽሽም። ብዙ ከቆየሁ በኋላ «ደስ ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ዞር ብሎ አየኝ። «ማንን?» አለኝ።

እየቀለደ አልነበረም። መልሱን ከፊቴ ላይ ይፈልግ ነበር። እኔም በመፍራት ፈንታ ይኼ ነው ትልቁ መልስ ብዬ በየማለዳው መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሾፌሯ ስትመጣ ሱሪዬ ርሶ፣ ባዶ እግሬን በሩ ላይ ቆሜ አገኘችኝ። ቁልቁል እግሬን አየችና ሳጥኑን አስቀመጠች። «ጫማህን አድርግ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። ያኔም አልነገርኳትም።

ደብዳቤሽን የሰጠችኝ ቀን እሷ እንጨት እያወረደች ነበር የከፈትኩት። አንብቤ ስጨርስ የመጨረሻውን እንጨት ታስተካክላለች። ወጣሁ። ድምፄ በሬዲዮ ከምናገረው ቁጥር በቀር ለብዙ ቀን ያልወጣ ስለነበር ሻክሮብኝ «ባልዎ አለ» አልኳት።

«ሬሳው ወጣ?» አለችኝ።

«የለም። ቆሟል።»

የት፣ እንዴት፣ ከመቼ ጀምሮ አላለችም። ከመኪናው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አንሥታ ወደ ጀልባዋ ቀድማኝ ሄደች። ቀዘፍኩ። እሱ እዚያው ነበር። ጀልባዋ ዳር ሳትነካ ከነጫማዋ ውኃው ውስጥ ወረደች፣ ሄዳም ፊት ለፊቱ፣ በእሱና በሐይቁ መካከል ቆመች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ያየኛል ብላ ጠበቀች።

እሱ ራሱን ዘንበል አድርጎ ከኋላዋ ያለውን ውኃ ማየቱን ቀጠለ።

እሷም ወደዚያው ተጠጋች። እሱ በሌላው በኩል ዘነበለ። እንዲህ ሲሆኑ ብዙ ቆዩ፤ በር ላይ ተገናኝተው ቅድሚያ እንደሚሰጣጡ ሰዎች። መጨረሻ ላይ «እግሩን ያዝልኝ» አለችኝ። ተሸክመን ጀልባው ላይ አስቀመጥነው። ከዚህ ሁሉ ነገር የሚያስፈራኝ ይኼ ነው፤ አልታገለንም። ልብስ የተሸከምን ያህል ነበር።

ስንመለስ ውኃው ጸጥ ብሎ ነበር። ቁልቁል ሳይ ሦስት ፊት ታየኝ፤ የእኔ የትኛው እንደሆነ ለመለየት እጄን ማንቀሳቀስ ነበረብኝ። አንደኛው ፊት እጁን አነሣ። ያኔ አክስቴ፣ የጎጆው ሰው ተራራው ላይ ምን እንደነካው ገባኝ። መቅዘፊያውን አጥብቄ ይዤ እስክንደርስ ድረስ የምዘፍነው ሳይኖረኝ ዘፈንኩ፤ ድምፄ የእኔ መሆኑን ለመስማት ብቻ። ሾፌሯ ዝም በል አላለችኝም።

ልጅሽ


መጋቢት 24

ለልጄ፣

ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት መልካም ቀን ነበር፤ ፈጣሪ ላንተም እንዲሁ ያለውን ይስጥህ።

መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ። ትንሽ ደከም ብሎኝ ነበር፣ አሁን ደኅና ነኝ። ልብስ ሰፊዎቹ ለቀው ሄደዋል፤ ሱቁ ተዘግቶ መዝጊያው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጸጥታው ለንባብ ጥሩ ነው።

ደግ አደረግህ። ዘግይቶ የተደረገም ደግ ነገር ደግ ነው። አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ። አፉን ፈታ? አወቃት? ሙግቱን ትተን ማለቴ ነው። ማወቅ የምፈልገው ከዚያ የሄደ ሰው መመለስ ይችል እንደሆነ ነው።

አክስትህ


ሚያዝያ 27

ለምወድሽ አክስቴ፣

ድካምሽ ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። ፈጣሪ ከነምክንያቱ ያርቀው። ይህን ደብዳቤ ተከትዬ እመጣለሁ፤ ለመሥሪያ ቤቱ መልቀቂያዬን ሰጥቻለሁ፣ በሰኔ መጀመሪያ ሌላ ጠባቂ ይመጣል። ብቻውን እንዳያስቀምጡት፣ ሁለት ሰው ይሁን ብዬ ጠይቄአለሁ። እናስብበታለን ነው ያሉኝ።

ስለ ሰውየው ጠይቀሽኛል። በየሁለት ሳምንቱ ሾፌሯ ስትመለስ አብሬያት እየሄድኩ አየዋለሁ። ቤታቸው ከከተማው ዳር ነው፤ ጠባብ ኩሽና፣ አበባ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ። ሐኪም አይቶታል፤ አካሉ ደኅና ነው አለ። ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል። ያጎረሱትን ይውጣል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባልዲ ውስጥ ውኃ ካየ ፊቱን ከዚያ አያነሣም ነበር፤ እሷም ውኃ ላለበት ዕቃ ሁሉ ክዳን አበጀችለት። አንድ ቀን ሳህን እያጠበች «አካሉን ነው ያመጣህልኝ» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረም። የደረሳትን ዕቃ ስትናገር እንደምትናገረው ነበር።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አልኳት።

«እኔ ስሙን እጠራለሁ» አለች። «ሌላ የማውቀው የለኝም።»

በእርግጥም ትጠራዋለች። ከኩሽና ትጠራዋለች፣ ከጓሮ ትጠራዋለች፣ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣቷ በፊት በመኪናው መስኮት ትጠራዋለች። አንዳንዴ በቁጣ፣ አንዳንዴ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ሥራ እየሠራች እንዲያው በልማድ። ጎረቤት አበደች ብሏል። እኔም ለብቻዬ እንደዚያ ያሰብኩበት ጊዜ ነበር።

በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ ጠረጴዛው ላይ ነበርን። እሷ ጀርባዋን ሰጥታን ሽንኩርት ትከትፋለች። እንደ ወትሮው ስሙን ጠራችው፣ ቢላዋውን ሳታቆም።

«አቤት» አለ።

ቢላዋው ቆመ። ዞራ አላየችውም። ከዞረች የሚጠፋ መስሏት ነው መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች «በርዶህ ነው?» አለችው።

ትንሽ አሰበና «እግሬን» አለ። እኔ ካገኘሁት ጀምሮ የራሴ ብሎ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር እግሩ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ይመልሳል፣ አንዳንድ ቀን አይመልስም።

ጽሑፌን ከሥሩ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ሰባኪውን አልጣልኩትም፤ ያየው ነገር አለ፣ እኔም አይቼዋለሁ። የጎጆውም ሰው የፈራው ነገር አለ፣ እሱንም አይቼዋለሁ። አሁን ግን የሚበዛው ገጽ የሴትዮዋ ነው። ሁለቱ ወንዶች፣ ሰው ከተፈጥሮ ፊት ብቻውን ሲቆም ምን እንደሚሆን ጻፉ። እሷ ሰው ከሰው ፊት ካልቆመ «እኔ» የሚለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች። ቀይ እስክሪብቶሽን አዘጋጂልኝ።

ልጅሽ


ግንቦት 19

ለምወድህ ልጄ፣

መንገድህ የቀና ይሁን፤ ከዚያ ውኃ ያወጣህ ጌታ እስከ ደጃፌ ያድርስህ።

ድካምሽ ምንድን ነው ብለህ ነበር። ሳልነግርህ ብትመጣ በዐይንህ ታየዋለህና ልንገርህ። ልብስ ሰፊዎቹ በጥር መጨረሻ ነው የሄዱት፤ ያን የቁጣ ደብዳቤ ከላክሁልህ በኋላ። እነሱ ሲሄዱ ሰዓቴ ቆመ። መጀመሪያ ምሳ ረሳሁ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስጠጋሁ፤ ፊት ለፊት ያለው ጣራ ላይ እርግቦች ያርፋሉ፣ እነሱን አያለሁ። ጠዋት ተቀምጬ ቀና ስል መሽቷል። ድስቱ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲሞላ ጭስ እንዳለ አየሁ እንጂ ጭሱ የእኔ ቤት መሆኑ አልመጣልኝም።

አንድ ቀን ዕቃ ማጠቢያው ላይ ቆሜ እጅ ላይ ውኃ ሲወርድ ተመለከትኩ። የተሸበሸበ እጅ ነው፣ ጣቱ ላይ የቀይ ቀለም እድፍ አለበት። የአሮጊት እጅ ነው ብዬ አሰብኩ። የየትኛዋ አሮጊት እንደሆነ ለማወቅ አልቸኮልኩም። ደስ የሚልም የሚያስከፋም አልነበረም። አንተን ስሞግት የነበርኩት እኔ፣ ያን ሁሉ ምክር የጻፍኩት እኔ፣ ሐይቅ ሳያስፈልገኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ደረስኩበት።

በየካቲት መጨረሻ ፖስተኛው መጥቶ ከደረጃው ሥር ስም ጠራ። የሆነች ሴት ይጠራል አልኩ። ደጋግሞ ጠራ። ምነው አትመልስለትም፣ ሰውየው ደከመ ብዬ አዘንኩላት። በመጨረሻ ደረጃውን ወጥቶ ፖስታውን በበሩ ሥር አስገብቶ ሄደ። ያንተ እጅ ጽሕፈት ነበር። አድራሻው ላይ ያለውን ስም ሳነብ ነው ሴትዮዋ እኔ መሆኔን ያወቅሁት። በዚያ ፖስታ ውስጥ የነበረው ደግሞ ጀልባው ላይ የዘፈንከው ነበር።

አስበኸው ታውቃለህ? ለተማሪዎቼ መምህርት ነበርኩ፣ ለጎረቤት እትዬ ነኝ፣ ላንተ አክስቴ ነኝ። በስሜ የምትጠራኝ እናትህ ነበረች። እሷ ከሞተች ወዲህ ስሜ፣ ከወረቀት ላይ ከሚያነበው ፖስተኛ በቀር፣ በሰው አፍ ውስጥ አልገባም።

አሁን ደኅና ነኝ፤ ማለት ደኅና የሆንኩበት ቀን ይበዛል። ጠዋት ወደ ገበያ እወርዳለሁ፣ አስፈልጎኝ ባይሆንም ከሻጮቹ ጋር ዋጋ እከራከራለሁ። ወንበሩን ከመስኮቱ አንሥቼዋለሁ። ምዕራፍህን ይዘህ ና፣ ሴትዮዋን አብረን እናነባታለን።

ስትደርስ ግን በሩን አታንኳኳ። ማንኳኳት እሰማለሁ፣ የምነሣው ግን ሁልጊዜ አይደለም። አክስቴ ብለህም አትጥራኝ። ከደረጃው ሥር ቁምና ስሜን ጥራ። ጎረቤት አበደ ቢልህ ግድ አይስጥህ። መጀመሪያ ዝም ካልኩ የለችም ብለህ እንዳትመለስ፤ አቤት እስክልህ ድረስ ጥራኝ።

ያንተው